የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ምልመላ፦ መልማዮች ምን ያያሉ? ወላጆችስ ምን ማወቅ ይገባቸዋል?

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ክረምቱ ሲገባ ሜዳዎች በልጆች ይሞላሉ። በየደረጃው ለሚገኙ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርቡ ጥያቄዎችም በዚያው ልክ ይበዛሉ። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ጥሩ ተጫዋች እንደሆነ ጎረቤትና አሰልጣኝ ቢመሰክርም ወደ ክለብ ታዳጊ ቡድን ወይም ወደ አካዳሚ የሚገባበትን መንገድ እንደማያውቁ ይገልጻሉ። ሌሎች ደግሞ ልጃቸው ለሙከራ ቀርቦ ለምን እንዳልተመረጠ ማብራሪያ ይሻሉ። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ወገኖች የተዘጋጀ ነው። የምልመላውን አሠራርና መልማዮች የሚያተኩሩባቸውን ነገሮች ካስረዳ በኋላ፣ ከሁሉ ይልቅ ለስሕተት በር በሚከፍተው በዕድሜ ጉዳይ ላይ ሰፋ አድርጎ ያብራራል።

ታዳጊዎች የሚታዩባቸው መድረኮች

በአገራችን አንድ ታዳጊ በመልማዮች ዘንድ የሚታይበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በወረዳና በከተማ አስተዳደር ደረጃ የሚቋቋሙት የታዳጊ ወጣቶች የስፖርት ሥልጠና ፕሮጀክቶች ለብዙዎች የመጀመሪያው በር ናቸው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ከወረዳ ተነስቶ በዞንና በክልል በኩል እስከ መላው ኢትዮጵያ የተማሪዎች ስፖርታዊ ጨዋታዎች ይዘልቃል። ክለቦች ከዋናው ቡድን በታች የታዳጊና የተስፋ ቡድኖችን ያደራጃሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው፣ ቀደም ሲል የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚ በሚል ስም የሚታወቀው የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚም እግር ኳስን ጨምሮ በተለያዩ የስፖርት ዓይነቶች ታዳጊዎችን መልምሎ ያሠለጥናል። የዕድሜ ገደብ ያላቸው ብሔራዊ ቡድኖች አሰልጣኞች ተጫዋቾቻቸውን የሚጠሩት በአመዛኙ ከእነዚህ ተቋማት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ በየትኛውም ውድድር ያልተሰለፈ ልጅ ችሎታው የቱንም ያህል ቢሆን መልማይ ዘንድ የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለሆነም ወላጆች ራቅ ወዳለ ከተማ ለአንድ ቀን ሙከራ ከመሄዳቸው በፊት በቅድሚያ ልጃቸውን በሚኖሩበት አካባቢ በሚገኝ ፕሮጀክት ወይም በትምህርት ቤቱ ቡድን ማስመዝገባቸው ይመከራል።

መልማይ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያየው

ልምድ ያለው መልማይ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጎል ባስቆጠረው ልጅ ላይ ላይሆን ይችላል። ኳስ ወደ አንድ ልጅ እየመጣች፣ ገና እግሩ ሥር ሳትደርስ፣ ልጁ አንገቱን አዙሮ ዙሪያውን ይቃኛል ወይ? ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ክብደት ይሰጠዋል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌየር ዮርዴት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙ ተጫዋቾች ኳሱን በተሳካ ሁኔታ ለጓደኛ የማቀበል ዕድላቸው የላቀ ሆኖ ተገኝቷል። ቅኝት ቁመትም ጉልበትም አይጠይቅም፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ላይ በግልጽ ይታያል።

ቀጥሎ የሚታየው የመጀመሪያው ንክኪ ነው። ልጁ ኳሱን ሲያቆም ከተጋጣሚው ርቆ ወደ ክፍት ቦታ ይወስደዋል ወይስ ከእግሩ ሥር ያጣብቀዋል? በደካማ እግሩ መጫወት ሲኖርበት ይሸሻል ወይስ ይሞክራል? ኳስ ሲነጠቅ ምን ያደርጋል? እጁን አንስቶ የሚቆም፣ ወዲያው ተመልሶ የሚከላከል፣ ጓደኛውን የሚወቅስ ልጅ ሁሉም በመልማዩ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራሉ። ታዳጊዎችን በማፍራት ስመ ጥር የሆነው የኔዘርላንዱ አያክስ ለረጅም ዓመታት የተገለገለበት መመዘኛ አራት ነገሮችን የያዘ ነበር፤ እነርሱም ቴክኒክ፣ የጨዋታ ግንዛቤ፣ ስብዕናና ፍጥነት ናቸው። ቁመትና ግዝፈት ከአራቱ መካከል እንደሌሉበት ልብ ይሏል።

የአካል ብቃት መለኪያዎችም አሉ። የ10 እና የ30 ሜትር ሩጫ በሰዓት ይለካል። በዴንማርካዊው የስፖርት ሳይንስ ሊቅ ያንስ ባንግስቦ የተዘጋጀው፣ በ20 ሜትር ርቀት መካከል ፍጥነትን እየጨመሩ በመመላለስ የሚካሄደው የዮ-ዮ ፈተናም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። እነዚህ ልኬቶች ለአሰልጣኝ ጠቃሚ መረጃ ቢሆኑም፣ ቀጥሎ በሚብራራው ምክንያት፣ በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜ ብቻቸውን መወሰኛ ሊሆኑ አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ሙከራ ቀናት አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ አይቻልም። በርካታ ልጆች በአንድ ቀን ተሰብስበው 11 ለ 11 ለሃያ ደቂቃ ያህል ተሰልፈው የሚወጡበት ሙከራ ለማንም ፍትሐዊ አይደለም። በመስመር ላይ የተሰለፈ ልጅ በዚያች ጊዜ ውስጥ ኳስ የሚነካው ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአነስተኛ ሜዳ 4 ለ 4 ወይም 5 ለ 5 ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ ልጅ ደጋግሞ ኳስ ይነካል፣ ያጠቃል፣ ይከላከላል፣ ይወስናል። ቡድናቸውን በጥንቃቄ የሚገነቡ ተቋማት ይህን አሠራር የሚመርጡት፣ አንድን ልጅም በተለያዩ ቀናት በተለያዩ ተጋጣሚዎች ፊት የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ወላጆች ልጃቸውን ለሙከራ ከማቅረባቸው በፊት ምዘናው ስንት ቀን እንደሚወስድና በምን መልክ እንደሚካሄድ የመጠየቅ መብት አላቸው።

አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ የተለያየ ዕድገት

ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ቢወለዱም በአንድ ቀን አያድጉም። ወንዶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምርበት ወቅት በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ ሴቶች ልጆች ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ወደዚህ ደረጃ ይደርሳሉ። አማካይ ግን አማካይ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች በአካል ብስለት የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ቀድሞ ያደገው ልጅ በሩጫ ይቀድማል፣ በግጭት ይረታል፣ ከሩቅ አክርሮ ይመታል፤ መልማይም ጎበዝ ብሎ ይመዘግበዋል። ሌሎቹ ሲደርሱበት ግን ብልጫው ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ቀድሞ የተሰናበተው ትንሹ ልጅ ሥልጠና ካቋረጠ ዓመታት አልፈዋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ የልደት ወር ነው። በዓለም አቀፍ እግር ኳስ የዕድሜ ክልል የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ስለሆነም በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ፣ አንድ ዓመት ገደማ እየተለያዩ፣ በአንድ የዕድሜ ክልል ይወዳደራሉ። በበርካታ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳረጋገጡት በታዳጊ ምርጥ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከተወለዱት በቁጥር በእጅጉ ይበልጣሉ። ተሰጥኦ በወር ተከፍሎ የሚታደል ስላልሆነ፣ ይህ ልዩነት የሚያሳየው መልማዮች ብስለትን ከችሎታ ጋር የሚያደባልቁ መሆናቸውን ነው።

የቤልጂየም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ አካላዊ ዕድገታቸው ለዘገየ ታዳጊዎች «ፊውቸርስ» የተሰኘ ተጓዳኝ ብሔራዊ ቡድን አቋቁሟል። በእንግሊዝ አንዳንድ አካዳሚዎች ታዳጊዎችን በልደት ዓመት ሳይሆን በአካል ብስለት እየመደቡ በተወሰነ ጊዜ ያጫውቷቸዋል። ፈረንሳዊው አንትዋን ግሪዝማን በልጅነቱ በቁመቱ ማነስ ምክንያት በአገሩ ክለቦች ተቀባይነት ቢያጣም በስፔኑ ሪያል ሶሲዬዳድ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫን አንስቷል። እንግሊዛዊው ጄሚ ቫርዲም በ16 ዓመቱ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ተሰናብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ሲቲ ጋር የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። በእርግጥ ያልተመረጠ ልጅ ሁሉ ቫርዲ አይደለም፤ አብዛኛውም አይሆንም። ምሳሌዎቹ የሚያስረዱት በ14 ዓመት የተሰጠ ውሳኔ ግምት እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ነው።

ለአሰልጣኞች የሚመከረው ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ሠልጣኝ ቁመት በየሦስት ወሩ ለክቶ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ልጁ በፍጥነት እያደገ ስለመሆኑ ወይም ገና ስለመሆኑ ግን በቂ ፍንጭ ይሰጣል። በፈጣን ዕድገት ላይ ያለ ልጅ ለጊዜው ቅልጥፍናው ሊቀንስና ለጉዳት ሊጋለጥ ስለሚችል፣ ይህ መረጃ የሥልጠናውን ጫና ለመመጠንም ያገለግላል።

ዕድሜን መቀነስ ማንን ይጎዳል?

ውድድር በማሸነፍ ብቻ የሚመዘን አሰልጣኝ ትልልቅ ልጆችን ወደ መምረጥ ያዘነብላል። ይህን የተረዱ አንዳንድ ወላጆችም፣ አልፎ አልፎም ራሳቸው አሰልጣኞች፣ የልጁን ዕድሜ ቀንሰው ያስመዘግባሉ። ድርጊቱ በሁለት ልጆች ላይ ጉዳት ያደርሳል። በትክክለኛ ዕድሜው የቀረበው ልጅ ቦታውን ያጣል። ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ተጋፍቶ መማር በሚገባው ጊዜ ከታናናሾቹ ጋር በጉልበት ብልጫ እያሸነፈ ያድጋል፤ የትምህርት ማስረጃውና የልደት ማስረጃው እየተቃረኑም ፓስፖርት በሚያወጣበት ጊዜ ይቸገራል። ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀትም ሆነ መገልገል በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ሊታወቅ ይገባል።

ከዚህም በላይ በወንዶች ከ17 ዓመት በታች ውድድር የሕክምና ምርመራ አለ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ካዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የግራ እጅ አንጓን በኤም አር አይ መመርመርን ሥራ ላይ አውሏል። ምርመራው ጨረር የሌለበት ሲሆን፣ ከእጅ አንጓ በላይ ያለው አጥንት ወደ ቁመት የሚያድግበት ክፍል ምን ያህል እንደተዘጋ በስድስት ደረጃ ይለካል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት፣ ማለትም ስድስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ተጫዋች ዕድሜው ከ17 በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ከውድድሩ ውጭ ይሆናል። ይሁን እንጂ ምርመራው የልደት ቀንን አይናገርም። ዕድገቱ የዘገየ የ18 ዓመት ወጣት ሊያልፈው ይችላል፤ እጅግ ቀድሞ የበሰለ ልጅም፣ ምንም እንኳ ጥቂት ቢሆን፣ ሊወድቅበት ይችላል። የልደት ማስረጃን አይተካም የሚባለው ለዚህ ነው።

የልደት ምዝገባና የዘመን አቆጣጠር

የልጁ ጠንካራው መከላከያ በወቅቱ የተመዘገበ ልደት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ አሁን በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ ከሚገኙት መካከል በርካታዎቹ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ወላጆች ዘግይተው ሲያስመዘግቡ የክትባት ካርድን፣ የትምህርት ቤት መዝገብን፣ ካለም የክርስትና ካርድንና የመሳሰሉትን ማመሳከሪያዎች ይዘው ቢቀርቡ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምዝገባውን ለምልመላ ሰሞን ባያቆዩት ይመረጣል። ለሙከራ አንድ ሳምንት ሲቀረው የወጣ የምስክር ወረቀት እውነተኛ ቢሆን እንኳ ጥርጣሬ ይጋብዛል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የዘመን አቆጣጠር ልወጣን ይመለከታል። ያለ ክፉ ሐሳብ የሚፈጠሩ የዕድሜ ልዩነቶች አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን የተወለደ ልጅ የልደት ዓመቱን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመለወጥ 7 ዓመት ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 በኋላ ለተወለደ ግን 8 ዓመት ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። መዝጋቢው ለሁሉም ልጅ 8 ከደመረ፣ በመስከረም 2002 ዓ.ም. የተወለደው ልጅ በ2009 መሆኑ ቀርቶ በ2010 የተወለደ ተደርጎ ይመዘገባል፤ በአንድ የብዕር ስሕተት አንድ ዓመት ወጣት ይሆናል ማለት ነው። ወላጅ ባያስተውለውም በኋላ ሁለት ማስረጃዎች ሲነጻጸሩ ማጭበርበር መስሎ ይታያል።

ልዩነቱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የዕድሜ መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ይውላል። በዚያ ዕለት የተወለደ ታዳጊ የዕድሜ መስፈርቱን ያሟላል፤ በዋዜማው፣ ታኅሣሥ 22 ቀን የተወለደው ግን አያሟላም። ስለዚህ ወላጆች የልደት የምስክር ወረቀት ሲረከቡ በሁለቱም አቆጣጠር የሰፈሩት ቀኖች መጣጣማቸውን እዚያው ሳሉ እንዲያረጋግጡ፣ ስሕተት ካለም እንዲታረም በጽሑፍ እንዲያመለክቱ ይመከራል።

ስለ ሴት ታዳጊዎች

ከላይ የተገለጸው የኤም አር አይ ምርመራ ለወንዶች የተዘጋጀ ነው፤ ሴቶች ቀድመው ስለሚያድጉ መለኪያው ለእነርሱ አይሠራም። በሴቶች ምልመላ የሚገጥመው ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ የሚታዩበት ውድድር ማነስ። በዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ በሀዋሳ ከተማና በደደቢት ተጫውታ እስከ ማልታው ቢርኪርካራ የደረሰችው በአገር ውስጥ የሴቶች ውድድር ስለነበረ ነው። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን የሌለው ወላጅ ቡድን እንዲቋቋም ትምህርት ቤቱንና የወረዳውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላል። ቡድኑ እስኪቋቋም ድረስ ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ብትሠለጥን በችሎታዋ ላይ ጉዳት የለውም።

ወደ ውጭ አገር ለሙከራ የሚቀርቡ ግብዣዎች

በፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ሊዛወር የሚችለው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ኑሯቸውን ወደ ሌላ አገር ሲለውጡ፣ ወይም ዝውውሩ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሲካሄድ። የ15 ዓመት ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ብቻውን ለአውሮፓ ወይም ለገልፍ አገር ክለብ እንደሚፈርም ቃል የሚገባ ሰው እንግዲህ ደንቡ የማይፈቅደውን እየሸጠ ነው።

የተጫዋች ወኪል ሆኖ ለመሥራት የፊፋ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ አለኝ የሚል ሰው የፈቃድ ቁጥሩን እንዲያሳይ መጠየቅ፣ የተባለው ክለብ የላከውን ደብዳቤም በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ማጣራት ያስፈልጋል። ለሙከራ፣ ለቪዛ ወይም ለ«ምዝገባ» በሚል አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የልጁን ፓስፖርት ይዞ ለማቆየት የሚፈልግ፣ ጉዳዩ በምሥጢር እንዲያዝ የሚያሳስብ ሰው ካጋጠመ ወዲያውኑ ለፖሊስ ማመልከት ተገቢ ነው። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ያስከትላል። በአገር ውስጥም ቢሆን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ ፊት በራሱ ውል የመግባት ችሎታ ስለሌለው፣ ወላጅ ወይም ሞግዚት ሳያነብና ቅጂውን ሳይረከብ በየትኛውም የክለብ ሰነድ ላይ እንዳይፈርም ይመከራል።

ልጁ ካልተመረጠ

ምዘናውን ያካሄደው ተቋም ውጤቱን በምክንያት እንዲያስረዳ መጠየቅ ነውር አይደለም። «አልበቃም» ከሚለው ቃል ይልቅ የመጀመሪያው ንክኪ፣ የቦታ አያያዝ ወይም የሩጫ ፍጥነት ጉድለት መሆኑ ቢነገረው ልጁ የሚሠራበትን ያውቃል። ምክንያቱ የአካል ማነስ ብቻ ከሆነ፣ ወላጅ የልጁን የቁመት መዝገብ ይዞ በቀጣዩ ዓመት ዳግም እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። እስከዚያው ልጁ በነበረበት ፕሮጀክት መጫወቱን እንዲቀጥል፣ ትምህርቱንም ለሙከራ ብሎ እንዳያቋርጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለክለቦችና ለአሰልጣኞች ስለ ምዝገባ

ታዳጊ ያፈራ ክለብ ከልፋቱ የሚያገኘው ሕጋዊ ድርሻ አለ። በፊፋ የትብብር ክፍያ አሠራር መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉት አራት ዓመታት ለእያንዳንዱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ ይታሰባል። በአንድ ሚሊዮን ዶላር የተዛወረ ተጫዋችን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ለአራት ዓመት ያሠለጠነ ክለብ 10 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ገንዘቡን ለመጠየቅ ግን ክለቡ የፌዴሬሽን አባል ሊሆን፣ ተጫዋቹም በእነዚያ ዓመታት በስሙ ተመዝግቦ ሊገኝ ይገባል። ክለቦች የሠልጣኞቻቸውን ስም ከነአባት፣ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የገቡበትንና የለቀቁበትን ቀን በየዓመቱ መዝግበው ለፌዴሬሽኑ ማሳወቅ ያለባቸው ለዚሁ ነው።